ሃንስ ክርስቲያን ኮርኔሊየስ ሞርተንሰን

ሃንስ ክርስቲያን ኮርኔሊየስ ሞርተንሰን (ኦክቶበር 27 ቀን 1856 – ጁን 7 ቀን 1921 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ መምህርና የአዕዋፍ ተመራማሪ ነበር። ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ቀላል የብረት ቀለበት በወፎች እግር ላይ አስሮ በመልቀቅ የፍልሰታቸውን መንገድ ማጥናት የጀመረ ሰው ነው። ይህ ዘዴ የወፎች ቀለበት ማሰር ይባላል፤ ከእርሱ በኋላ በመላው ዓለም ተስፋፍቶ ዛሬም ይሠራበታል። በአገሩ ሰዎች ዘንድ «የወፎቹ ሞርተንሰን» ማለት በሆነው ፉግለ ሞርተንሰን በሚለው ቅጽል ስም ይታወቃል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ሞርተንሰን የተወለደው በሼላን ደሴት ላይ፣ ከኮፐንሃገን ብዙ በማይርቀው በዮንስትሩፕ መንደር ነው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ግን በዩትላንድ ልሳነ ምድር በምትገኘው በቪቦርግ ከተማ ነው። በዚያ በቪቦርግ ካቴድራል ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር።

ሞርተንሰን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ወይም የሙዚየም ኃላፊ አልነበረም። ምርምሩን ያካሄደው ከማስተማር ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ነው። ቀለበቶቹንም አሉሚኒየም ቆርጦና አጥፎ በእጁ ይሠራቸው ነበር። እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ወደ 6,000 ገደማ ወፎችን ቀለበት እንዳሰረ ይነገራል። ጁን 7 ቀን 1921 በ64 ዓመቱ በቪቦርግ አረፈ።

ከእርሱ በፊት የነበረው ዕውቀት

ወፎች በመጸው ከሰሜን አውሮፓ ጠፍተው በጸደይ እንደሚመለሱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። የት እንደሚሄዱ ግን አከራካሪ ነበር። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል አንዳንድ ወፎች ወደ ሌላ አገር እንደሚሄዱ ቢያውቅም፣ ሌሎቹ በጉድጓድ ተደብቀው ክረምቱን ያሳልፋሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣሉ ብሎ ጽፎ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የስዊድን ሰው የነበረው ኦላውስ ማግኑስ ደግሞ ስዋሎው የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ክረምቱን በውሃ ሥር እንደሚያሳልፉ ጻፈ። ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ደጋፊ አላጣም።

በ1822 በሰሜን ጀርመን በክሉትስ አቅራቢያ አንድ ሽመላ ተገድሎ ሲገኝ በአንገቱ ውስጥ ከአፍሪካ የመጣ ረጅም የጦር ዘንግ ተሰክቶ ነበር። ወፉ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ሽመላው ከአፍሪካ መመለሱን ጦሩ ቢያስረዳም፣ ከየትኛው ቦታና በስንት ቀን እንደመጣ ግን የሚናገር ነገር አልነበረውም።

ወፎችን ምልክት ማድረግም ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም። በጭልፊት የሚያድኑ ባላባቶች በወፎቻቸው እግር ላይ የባለቤትነት ምልክት ያስሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የሚኖረው ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን በጎጆ ውስጥ ባሉ ጫጩቶች እግር ላይ የብር ክር እንዳሰረ ጽፏል። ነገር ግን እያንዳንዱ ወፍ የራሱ ቁጥር ኖሮት፣ ቁጥሩ በመዝገብ ተይዞ፣ ወፉን የሚያገኘው እንግዳ ሰው ወዴት ማሳወቅ እንዳለበት በምልክቱ ላይ የሚነበብበት ሥርዓት አልነበረም። ሞርተንሰን የጨመረው ይህንን ነው።

የዚንክ ቀለበት ሙከራ

ሞርተንሰን በ1890 በሁለት ስታርሊንጎች እግር ላይ ከዚንክ የተሠራ ቀለበት አሰረ። ስታርሊንግ ከ75 እስከ 80 ግራም ገደማ የሚመዝን ጥቁር ወፍ ሲሆን፣ በሰው መኖሪያ አጠገብ በተሰቀሉ የእንጨት ጎጆዎች ውስጥ በቀላሉ ይራባል። ስለዚህ በከተማ ለሚኖር መምህር ለጥናት የሚመች ወፍ ነበር።

ሙከራው ግን አልተሳካም። የዚንኩ ቀለበት ለዚህ መጠን ላለው ወፍ ከባድ ሆኖ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ አስቸገረው። ሞርተንሰንም ዘዴውን በዚያው መልክ ከመቀጠል ተቆጠበ።

ይህ ውድቀት ለኋላው ሥራ መሠረት ሆኗል። ምልክቱ ወፉን የሚያደክም ከሆነ፣ ከወፉ የሚገኘው ዜና የሚናገረው ስለ ጤነኛ ወፍ ሳይሆን ሸክም ስለተጫነበት ወፍ ነው። በመንገድ ላይ የሞተ ወይም ጉዞውን ያቋረጠ ወፍ ቢገኝ፣ ምክንያቱ ተፈጥሮ ይሁን ቀለበቱ መለየት አይቻልም። በሌላ በኩል ምልክቱ ወፉን እንዳይጎዳ ሲባል ቶሎ የሚወድቅ ከሆነ ምንም ዜና አይመጣም። ስለዚህ መፍትሔው ወፉ የማይሰማው፣ ነገር ግን ለዓመታት የማይወልቅ ምልክት ማግኘት ነበር።

የአሉሚኒየም ቀለበት

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞርተንሰን ተስማሚውን ብረት አገኘ። አሉሚኒየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ውድ ብረት ነበር። በ1886 በኤሌክትሪክ የማምረት ዘዴ በአሜሪካና በፈረንሳይ ከተገኘ በኋላ ዋጋው በፍጥነት ወረደ፤ በዘመኑ መጨረሻም ተራ ሰው ሊገዛው የሚችል ሆነ። አንድ ኩብ ሴንቲሜትር ዚንክ 7.1 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያው መጠን ያለው አሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በተመሳሳይ ልክ የተሠራ የአሉሚኒየም ቀለበት ክብደቱ ከዚንኩ ከግማሽ በታች ነው። ከዚህም ሌላ ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ በጣት ወይም በጉጠት ይታጠፋል፤ ጽሑፍም በቀላሉ ይቀረጽበታል።

በጁን 1899 ሞርተንሰን አሉሚኒየም ቀለበት ያሰሩ ስታርሊንጎችን በቪቦርግ መልቀቅ ጀመረ። ወፎቹን የያዛቸው ራሱ ባዘጋጃቸው የእንጨት ጎጆዎች ሲሆን፣ ጎጆዎቹ ወፉ ሲገባ የሚዘጋ መዝጊያ ነበራቸው። በዚያ ዓመት ከ160 በላይ ስታርሊንጎች ቀለበት ታሰረላቸው። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አድራሻና ቁጥር የተጻፈ ሲሆን፣ ቁጥሩም በመዝገብ ይገባ ነበር። ይህ ሥራ በዓለም ላይ የተቀናጀ የወፎች ቀለበት ማሰር መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል።

የአሠራሩ ዝርዝር

ቀለበት በወፍ እግር ላይ ማሰር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ትንሽ ስህተት ወፉን ሊያሽመደምደው ይችላል። ከሞርተንሰን ጀምሮ በሥራው የተሰማሩ ሰዎች በተግባር የደረሱባቸው ዋና ዋና ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

ቀለበቱ በእግሩ ዙሪያ በነፃነት መዞርና ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት አለበት። ነገር ግን ከመገጣጠሚያው በላይ የሚወጣ ወይም በጣቶቹ ላይ የሚወርድ ሰፊ መሆን የለበትም። ከጠበበ ደም ይዘጋል፤ ከሰፋ ጣት ያስራል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ የወፍ ዓይነት የተለየ ልክ ያስፈልጋል።

የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ሳይደራረቡ በትክክል መግጠም አለባቸው። በመካከላቸው ክፍተት ከቀረ ሣር፣ ክር ወይም የመረብ ገመድ ይገባበትና ወፉ ተይዞ ይሞታል። ጠርዙም ቆዳ እንዳይቆርጥ ለስላሳ መሆን ይገባዋል።

የብዙ ወፎች ጫጩቶች ከመብረራቸው በፊት እግራቸው ሙሉ ውፍረቱን ይይዛል። ስለዚህ በጎጆ ውስጥ እያሉ በተገቢው ዕድሜ ቀለበት ቢታሰርላቸው ሲያድጉ አይጠብባቸውም። ይህም የተወለዱበትን ቦታና ዓመት በእርግጠኝነት ለማወቅ ያስችላል።

ሽመላን በመሰሉ ትልልቅ ወፎች ላይ ሌላ ችግር አለ። ሽመላ በሙቀት ጊዜ ለመቀዝቀዝ በገዛ እግሩ ላይ ኩሱን ይለቃል። ኩሱ በቀለበቱ ሥር ሲጠራቀምና ሲደርቅ እግሩን ይጎዳል። በዚህ ምክንያት በኋላ ዘመን የሽመላ ቀለበት ከመገጣጠሚያው በላይ ባለው የእግር ክፍል ላይ እንዲታሰር ተደርጓል።

አሉሚኒየምም የራሱ ድክመት ነበረው። በጨው ውሃ ይበላል፤ በአሸዋና በድንጋይ ይፋቃል። በባሕር ዳር የሚኖሩና ረጅም ዕድሜ ያላቸው ወፎች ቀለበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ ሊጠፋ ወይም ተሰብሮ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ወፎች በኋላ ከማይዝግ ብረትና ከሌሎች ጠንካራ ቅይጦች የተሠሩ ቀለበቶች በጥቅም ላይ ውለዋል።

ሽመላዎችና ዳክዬዎች

ሞርተንሰን ከስታርሊንግ በኋላ ሥራውን ወደ ሌሎች ወፎች አሰፋ። ሽመላዎች፣ ሳቢሳዎች፣ ዳክዬዎችና የባሕር ወፎች በእርሱ ቀለበት ታስሮላቸዋል።

በተለይ የሚታወቀው በፋኖ ደሴት የሠራው ሥራ ነው። ፋኖ በዴንማርክ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኝ ደሴት ነው። የደሴቱ ሰዎች በዛፍ የተከበቡ ኩሬዎችን አዘጋጅተው፣ ከኩሬው በሚወጡ በመረብ የተሸፈኑ ቦዮች ፈላሽ ዳክዬዎችን ይይዙ ነበር። ዳክዬዎቹ የሚያዙት ለመብልና ለገበያ ነበር። ሞርተንሰን ከእነዚህ ወፎች ውስጥ በሕይወት ያሉትን አግኝቶ ቀለበት እያሰረ ይለቃቸው ነበር። ከነዚህም መካከል ቲል የምትባለው ትንሽ ዳክዬ ትገኝበታለች።

ዳክዬዎች በብዛት የሚታደኑ ስለሆኑ የመገኘት ዕድላቸው ከትንንሽ ዘማሪ ወፎች እጅግ ይበልጣል። ቀለበቶቹም ከዴንማርክ ርቀው ከሚገኙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ተመልሰው መጡ። ሞርተንሰን ከዚህ የተገኘውን ውጤት በጽሑፍ አሳትሟል። በግምት ብቻ ይታወቅ የነበረው የፍልሰት መንገድ በካርታ ላይ በነጥብ ሊመለከት መቻሉ በዘመኑ ተመራማሪዎች ዘንድ ትኩረት ሳበ።

ዘዴው ሙሉ በሙሉ በማይተዋወቁ ሰዎች ትብብር ላይ የተመሠረተ ነበር። አዳኝ፣ ገበሬ ወይም ዓሣ አጥማጅ በወፍ እግር ላይ ብረት አግኝቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ፣ በራሱ ገንዘብ ደብዳቤ ካልላከ የወፉ ታሪክ እዚያው ይቀራል። ስለሆነም በቀለበቱ ላይ የሚጻፈው አጭርና በሌላ አገር ሰውም ሊነበብ የሚችል መሆን ነበረበት።

የዘዴው መስፋፋት

የሞርተንሰን ምሳሌ በፍጥነት ተከታይ አገኘ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ቲነማን በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በሮሲተን የመጀመሪያውን የወፎች ጥናት ጣቢያ አቋቋመ፤ ከ1903 ጀምሮም በብዛት ቀለበት ማሰር ጀመረ። ከዚያ የተለቀቁ ሽመላዎች በአፍሪካ በመገኘታቸው የምሥራቁ የሽመላ መንገድ ታወቀ። በአሜሪካ ፖል ባርች በ1902 በዋሽንግተን አካባቢ በሳቢሳ ዘመዶች ላይ ቀለበት አሰረ። በብሪታንያ በ1909 ሃሪ ዊዘርቢና ላንድስቦሮ ቶምሰን ሁለት የተለያዩ የቀለበት ሥራዎችን ጀመሩ።

በሜይ 1911 በእንግሊዝ ስታፎርድሺር ቀለበት የታሰረላት አንዲት ስዋሎው በዲሴምበር 1912 በደቡብ አፍሪካ ናታል ተገኘች። ያ ትንሽ ቀለበት ስዋሎዎች ክረምቱን በውሃ ሥር ያሳልፋሉ ለሚለው የቆየ ወሬ የመጨረሻ መልስ ሆነ።

ዘዴው ተቃውሞም ገጥሞታል። በተለይ በጀርመን አንዳንድ ሰዎች ቀለበቱ ወፎችን ያሠቃያል፣ ሰዎችም ቀለበት ለማግኘት ሲሉ ወፎችን ይገድላሉ ብለው ተከራክረዋል። የቀለበት አሳሪዎች መልስ ወፎቹ ቀለበታቸውን እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ሲኖሩ፣ ሲራቡና ወደ ጎጆአቸው ሲመለሱ መታየታቸው ነበር። ይህ መልስ የሚሠራው ግን ሞርተንሰን ከዚንኩ ሙከራ የተማረውን የጠበቀ ሰው ሲሠራው ብቻ ነው።

ከቀለበት ወደ ሬዲዮ ማሰራጫ

ቀለበት ሁለት ነጥቦችን ብቻ ይነግራል፤ ወፉ የተለቀቀበትንና የተገኘበትን። በመካከል ያለውን መንገድ ለማወቅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች በወፎች ላይ ትንንሽ የሬዲዮ ማሰራጫዎችን ማያያዝ ጀመሩ። አሜሪካዊው ዊሊያም ኮክራን በዚያ ዘመን ማሰራጫ የተሸከመን ትንሽ ወፍ የሌሊት ጉዞ ከምድር ተከትሏል። ሞርተንሰን የገጠመው ችግርም በአዲስ መልክ ተመለሰ።

ችግሩ በጣም የሚጎላው በትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልማድ ማሰራጫው ከወፉ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 5 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። 25 ግራም ለሚመዝን የውሃ ዳር ወፍ፣ ከመቶ 3 ማለት 0.75 ግራም ነው። በዚህ ክብደት ውስጥ ባትሪ፣ አንቴናና ማያያዣው ሁሉ መካተት አለባቸው።

አንዱ የማያያዣ ዘዴ ማጣበቅ ነው። በታችኛው ጀርባ ላይ ያሉ ላባዎች በአጭሩ ተቆርጠው ማሰራጫው በሙጫ ይለጠፋል። በ1992 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በዚህ መንገድ ማሰራጫ የተለጠፈባቸው ትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች በጸደይ ጉዟቸው እስከ አላስካው የኮፐር ወንዝ አፍ ድረስ ክትትል ተደርጎባቸዋል። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ማሰራጫው በራሱ ጊዜ መውደቁ ነው። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ላባና ቆዳ ሲታደስ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይወድቃል።

ሁለተኛው ዘዴ ማንገቻ ነው። በ1991 ጆን ራፖልና አለን ቲፕተን በሁለቱ ታፋዎች ዙሪያ የሚያልፍ ባለሁለት ቀለበት ማንገቻን ለትንንሽ ወፎች አስተዋወቁ። ማንገቻ ከሙጫ የበለጠ ይቆያል። ይሁን እንጂ የውሃ ዳር ወፎች ከፍልሰት በፊት እጅግ ስለሚሰቡ፣ አንዳንዶቹ ክብደታቸውን ወደ እጥፍ ገደማ ያደርሳሉ፤ በከሳ ወፍ ልክ የታሰረ ማንገቻ ሲሰባ ቆዳውን ይቆርጣል። በሰባ ወፍ ልክ የታሰረ ደግሞ ሲከሳ ይላላና እግሩን ይጠልፋል ወይም ይወልቃል። ስለሆነም የሚለጠጥና ከጊዜ በኋላ አርጅቶ የሚበጠስ ክር መጠቀም የተለመደ ሆኗል።

ሦስተኛው ዘዴ መሣሪያውን በእግር ላይ በሚታሰር ቀለበት ወይም ባንዲራ መሰል ፕላስቲክ ላይ ማሰር ነው። ብርሃን በመመዝገብ ቦታን የሚገምቱ አነስተኛ መሣሪያዎች በዚህ መንገድ በአርክቲክ በሚራቡ የውሃ ዳር ወፎች ላይ ታስረዋል። በትልልቆቹ ዝርያዎች ላይ ብዙም ችግር ባይታይም፣ በጣም ትንንሾቹ ዝርያዎች ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚመለሱት ወፎች ቁጥር ቀንሶ ታይቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ ማሰራጫው በወፉ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከባትሪው ዕድሜ ጋር መመጣጠን አለበት የሚል ነው። ባትሪው ለሁለት ወር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለዓመታት የሚቆይ ማንገቻ ለወፉ ትርፉ ሸክም ነው። ባትሪው ለዓመት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በሦስት ሳምንት የሚወድቅ ሙጫ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለ ግንኙነት

በአውሮፓና በእስያ ሰሜን የሚራቡ ብዙ ወፎች ክረምቱን በኢትዮጵያ ያሳልፋሉ ወይም በላይዋ አልፈው ይሄዳሉ። ከነዚህም መካከል ሽመላ፣ ሞርተንሰን በፋኖ ያጠናት ቲልና ልዩ ልዩ ትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች ይገኙበታል። በስምጥ ሸለቆ ያሉት ሐይቆች፣ በተለይም አብያታ፣ ለእነዚህ ወፎች የታወቁ ማረፊያዎች ናቸው። በእነዚህ ሐይቆች ዳር በሚገኝ ወፍ እግር ላይ የሚታይ ቀለበት ሞርተንሰን በቪቦርግ የጀመረው ሥራ ቀጣይ ነው።

መታሰቢያ

የሞርተንሰን ጽሑፎች አብዛኞቹ የተጻፉት በዴንማርክ ቋንቋ ስለነበር በሌሎች አገሮች አንባቢዎች በቀላሉ አያገኟቸውም ነበር። በ1950 ጽሑፎቹ በፖል ዬስፐርሰንና በቬደል ቶኒንግ አዘጋጅነት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው በኮፐንሃገን በአንድ ጥራዝ ታተሙ። ዛሬ በብዙ አገሮች የቀለበት ማዕከላት አሉ፤ በየዓመቱም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ቀለበት ይታሰርላቸዋል። ቁጥርና አድራሻ ያለበት ቀላል ቀለበት የማሰሩ አሠራር በመሠረቱ በ1899 በቪቦርግ ከተጀመረው ብዙ አልተለወጠም።